አልፍሬድ ኢልግ

አልፍሬድ ኢልግ (መጋቢት 22 ቀን 1846 ዓ.ም. – ታኅሣሥ 28 ቀን 1908 ዓ.ም.፤ እ.ኤ.አ. ማርች 30 ቀን 1854 – ጃንዩዌሪ 7 ቀን 1916) ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ፣ ነጋዴና የዳግማዊ አፄ ምኒልክ አማካሪ ነበሩ። ከ1879 ጀምሮ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ሠርተዋል። በይበልጥ የሚታወቁት ከጅቡቲ ተነስቶ በስምጥ ሸለቆው በኩል አዲስ አበባ የገባው የምድር ባቡር እንዲሠራ ፈቃዱን በማግኘታቸው ነው። አዳማ፣ ሞጆ፣ መተሐራና አዋሽ ከተማ እንደ ባቡር ጣቢያ ያደጉት በዚህ መስመር ላይ ነው። የኢልግ የሥራ ዘመን ባሕር ከሌለው ደጋ አገር ውስጥ የሚሠራ ሰው የሚያስፈልገውን ብረት፣ መሣሪያና ዕቃ ከባሕር ዳርቻ እንዴት ያስመጣ እንደነበር፣ ወጪውና አደጋውም በማን ላይ ይወድቅ እንደነበር ያሳያል።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ዓ.ም. ካልተባለባቸው በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ትውልድና ትምህርት

ኢልግ የተወለዱት በሰሜን ምሥራቅ ስዊዘርላንድ በምትገኘው የቱርጋው ካንቶን ዋና ከተማ በፍራውንፌልድ ነው። በዙሪክ ፖሊቴክኒክ (ዛሬ ኢ.ቲ.ኤች. ዙሪክ በሚባለው ዩኒቨርሲቲ) የመካኒካል ምህንድስና ተምረዋል።

በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ የአውሮፓን የእጅ ሥራ ለአገራቸው የሚያስተምር መሐንዲስ ይፈልጉ ነበር። ጥያቄያቸው የደረሰው በዓደን ወደብ ይነግድ በነበረው ፉረርና እሸር በተባለ የስዊስ ንግድ ቤት በኩል ነው። ኢልግ ጥሪውን ተቀብለው በ1878 ሁለት ስዊዘርላንዳዊ የእጅ ባለሙያዎችን ይዘው ተነሡ። በ1879 መጀመሪያ አንኮበር ሲደርሱ ገና 25 ዓመት አልሞላቸውም ነበር።

የመጀመሪያው ፈተና፦ መሥራት ወይስ ማስመጣት

በሕይወት ታሪካቸው ውስጥ በብዛት የሚነገረው የመጀመሪያው ሥራቸው ነው። ምኒልክ የአዲሱን መሐንዲስ ችሎታ ለመፈተን መጀመሪያ ጫማ እንዲሠሩ አዘዟቸው። ጫማው ከተሠራ በኋላ ጠመንጃ ሥራ ተባሉ። ኢልግ በአገር ውስጥ አንድ ጠመንጃ በእጅ ከመሥራት ይልቅ ከአውሮፓ ተገዝቶ ቢመጣ በዋጋም በጥራትም እንደሚሻል ለማስረዳት ሞከሩ። ንጉሡ ግን በሐሳባቸው ጸኑ። ኢልግም በነበራቸው መሣሪያ ተጠቅመው ጠመንጃውን ሠርተው አቀረቡ።

ሁለቱም የየራሳቸው ምክንያት ነበራቸው። መሐንዲሱ ያሰቡት የአንዱን ጠመንጃ ዋጋ ነው። ትክክለኛ በርሜል ለመቅደድና ክፍሎቹን እኩል አድርጎ ለመሥራት የፋብሪካ ማሽን ያስፈልጋል፤ ማሽን በሌለበት እያንዳንዱ ጠመንጃ እንደ አዲስ ይሠራል። ምኒልክ ደግሞ መንገዱን ያስባሉ። ከውጭ የሚገዛ ጠመንጃ የሚመጣው ወደቡን የያዘው መንግሥት ሲፈቅድ፣ በበረሃው የሚኖሩት ባላባቶች ሲያሳልፉና ግመል ሲገኝ ብቻ ነው። ከእነዚህ አንዱ እንቢ ካለ በርካሽ የተገዛው ጠመንጃ ባሕር ዳር ይቀራል። በኋላ የሆነው የሁለቱም ሐሳብ ድብልቅ ነው። ኢትዮጵያ የጦር መሣሪያዋን በብዛት ከውጭ እየገዛች፣ በአንድ ወደብና በአንድ ሻጭ ብቻ ላለመያዝ ትሞክር ነበር። ኢልግም በአውሮፓ በተደረገው ግዢ ተሳትፈዋል።

የሲራራው መንገድ

ኢልግ በሸዋ ሲሠሩ የሚያስፈልጋቸው መሣሪያ ሁሉ በመርከብ ከአውሮፓ ወደ ዓደን፣ ከዚያ በጀልባ ወደ ዘይላ፣ ታጁራ ወይም ጅቡቲ፣ ከዚያም በሲራራ ወደ ደጋው ይመጣ ነበር። የየብሱ ጉዞ ብቻ ከአንድ ወር በላይ ይፈጅ ነበር። ሁለት ዋና ዋና መንገዶች ነበሩ። አንዱ ከታጁራ ተነስቶ በአፋር በረሃ አድርጎ ወደ አንኮበር ይወጣል። ሌላው ከዘይላ ወደ ጀልዴሳና ሐረር፣ ከዚያ በጨርጨር አልፎ፣ አዋሽን ተሻግሮ፣ በምንጃር በኩል ወደ እንጦጦ ይደርሳል። ሁለቱም ስምጥ ሸለቆውን ሳያቋርጡ ደጋው ላይ አይደርሱም።

የአንድ ዕቃ ዋጋ በዚህ መንገድ ላይ በየደረጃው ይጨምር ነበር፦

• የእንስሳት ኪራይ፦ በቆላ ግመል፣ በደጋ በቅሎና አህያ። አንድ ግመል 200 ኪሎ ግራም ያህል ይጭናል፤ በቅሎ ግን የዚያን ግማሽ እንኳ በአቀበት ላይ ለመሸከም ይቸገራል። ስለዚህ በሁለት ጭነት ተከፍሎ ሊታሰር የማይችል ማሽን ወይ ተፈታቶ መምጣት፣ ወይ በብዙ ሰው ጉልበት መጎተት ነበረበት።

• የመንገድ ደኅንነት፦ ነጋዴው የሚያልፍበትን አገር ሰው አባን አድርጎ ይይዛል። አባኑ መንገድ መሪም ዋስም ነው። ለእሱም ለየባላባቱም ገንዘብና ስጦታ ይከፈላል።

• ቀረጥ፦ በየኬላው የሚከፈል።

• ቀለብ፦ የግመል ነጂዎቹ፣ የዘበኞቹና የአገልጋዮቹ ስንቅና ውኃ።

• ክፍያው ራሱ፦ መገበያያው ማርትሬዛ ብር ነበር። አንዱ ብር 28 ግራም ያህል ስለሚመዝን 7,000 ብር አንድ ሙሉ የግመል ጭነት ይሆናል። ዕቃ የሚያመጣ ሲራራ ለክፍያ የሚመለሰው ብር ሌላ ሲራራ፣ ሌላ ዘበኛና ሌላ አደጋ ነበር። በዚህ ምክንያት ክፍያው ብዙ ጊዜ በዝሆን ጥርስ፣ በቡና፣ በወርቅና በዝባድ ይፈጸም ነበር።

ከእነዚህ በላይ ደግሞ ጊዜ አለ። ዛሬ የታዘዘ ዕቃ የሚደርሰው ከብዙ ወራት በኋላ ነው። አንድ ቁልፍ ክፍል ቢጎድል ወይም መጠኑ ቢሳሳት ሥራው እስከሚቀጥለው ጭነት ይቆማል። አዋሽ በክረምት ሲሞላም መሻገሪያው ይዘጋል። ኢልግ በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ መሥራታቸው በዚህ ሁኔታ ሲታይ ትልቅ ለውጥ ነበር።

ከአርቱር ራምቦ ጋር የነበራቸው ንግድ

የኢልግ የንግድ ሥራ በደንብ የሚታወቀው ከፈረንሳዊው ገጣሚና ነጋዴ ከአርቱር ራምቦ ጋር በተጻጻፉት ደብዳቤ ነው። ራምቦ ግጥም ትተው ወደ ንግድ ከገቡ በኋላ 2,000 ያህል ጠመንጃ ለምኒልክ ለመሸጥ በ1885 መጨረሻ ታጁራ ደረሱ። ያሰቡት ቶሎ ጭነው ለመነሳት ነበር። ግን ግመል ማግኘት አስቸገረ፤ ፈረንሳይና እንግሊዝም የጦር መሣሪያ በዚያ ዳርቻ እንዳይገባ ከለከሉ። የሽርክና ጓደኛቸው ላባቱ ታመው ወደ ፈረንሳይ ከተመለሱ በኋላ ሞቱ። በምትኩ አብረዋቸው ሊጓዙ የነበሩት ፖል ሶሌዬም ሞቱ። ሲራራው የተነሳው በጥቅምት 1886 ነው። አንኮበር የደረሰው በየካቲት 1887 ሲሆን፣ በዚያ ጊዜ ምኒልክ ሐረርን ይዘው ወደ እንጦጦ እየተመለሱ ነበር።

ራምቦ እንጦጦ ሲደርሱ ገበያው እንዳሰቡት አልነበረም። ምኒልክ ዋጋውን ቀነሱ፣ የሟቹን የላባቱን ዕዳ ከሒሳቡ ላይ አነሱ፣ ሌሎች ባለዕዳ ጠያቂዎችም ተሰበሰቡ። ቀሪውንም በጥሬ ብር ሳይሆን በሐረር ገዥው በራስ መኮንን (በዚያን ጊዜ ደጃዝማች) ላይ በተጻፈ ትእዛዝ ከፈሉ። ቋንቋውንና ቤተ መንግሥቱን የሚያውቁት ኢልግ በመካከል ገብተው ረዱ። ራምቦ ከዚያ በኋላ በምንጃርና በአዋሽ በኩል ወደ ሐረር ወረዱ።

ከ1888 እስከ 1891 ራምቦ በሐረር፣ ኢልግ በእንጦጦ ሆነው አብረው ነገዱ። ራምቦ ከባሕር ዳር የመጣውን ዕቃ ይልካሉ፤ ኢልግ ሸጠው የአገሩን ምርት ይመልሳሉ። ሥራው በሁለት ነገር ይፈተን ነበር። አንደኛው የዕቃው ምርጫ ነው። ራምቦ አንዳንድ ጊዜ የሚልኩት ዓደን ላይ በርካሽ ያገኙትን እንጂ ሸዋ ላይ የሚፈለገውን አልነበረም። ኢልግ የማስታወሻ ደብተርና መቁጠሪያ የመሳሰለው ዕቃ ገዥ እንደሌለው ደጋግመው ጽፈዋል። ያልተሸጠ ዕቃ የመንገዱን ወጪ ሁሉ ከነኪራዩ ከፍሎ የገባ ስለሆነ ኪሳራው ከግዢ ዋጋው ይበልጣል።

ሁለተኛው የስንቅ ጉዳይ ነው። ራምቦ ወጪ ለመቀነስ ለሲራራው ሰዎች በቂ ቀለብ ሳይሰጡ ይሸኟቸው ነበር። ሰዎቹ ተርበውና ተዳክመው እንጦጦ ሲደርሱ ኢልግ ተቆጡ። ጥቂት ብር ለመቆጠብ ሲባል የሰው ሕይወትና ሙሉ ጭነት አደጋ ላይ መጣሉን አጥብቀው ነቀፉ። ጊዜው በኢትዮጵያ ታሪክ ክፉ ቀን የተባለው የረኃብ ዘመን ነበር፤ በመንገድ ላይ እህል ገዝቶ መሙላት አይቻልም። ይህም ሆኖ የሁለቱ ወዳጅነት አልተቋረጠም። ራምቦ በ1891 ታመው ከሐረር ወጡ፤ በዚያው ዓመት በማርሴይ ሞቱ።

ግንባታ፣ ውኃና ቴምብር

ኢልግ በእንጦጦና በአዲስ አበባ በቤተ መንግሥት ግንባታ ተሳትፈዋል። በ1894 ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ወደ ቤተ መንግሥቱ የቧንቧ ውኃ አስገቡ። ውኃ ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ አይወጣም ብለው የተጠራጠሩ ብዙ ሰዎች ነበሩ። ምንጩ ከቤተ መንግሥቱ ይልቅ ከፍ ባለ ቦታ ላይ ስለነበር ውኃው በራሱ ግፊት ቆላውን ወርዶ ወደ ግቢው ወጣ።

በዚሁ ዓመት የኢትዮጵያ ፖስታ እንዲቋቋም ሲታሰብ ሥራው ለኢልግና ለፈረንሳዊው ነጋዴ ለሌዮን ሼፍኖ ተሰጠ። የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ቴምብሮች የምኒልክን መልክና የይሁዳ አንበሳን ይዘው በፓሪስ ታተሙ።

የምድር ባቡር

ኢልግ የሲራራውን ችግር ለማስቀረት መፍትሔው ሐዲድ ነው ብለው ያምኑ ነበር። መጋቢት 9 ቀን 1894 ምኒልክ ለ99 ዓመት የሚቆይ የባቡር ፈቃድ ሰጧቸው። ፈቃዱ ሦስት ክፍል ነበረው፦ ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ ከእንጦጦ እስከ ከፋና ነጭ ዓባይ። ኢልግና ሼፍኖ በ1896 በፓሪስ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥታዊ የምድር ባቡር ኩባንያን አቋቋሙ። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነው።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከባድ ነበሩ። በረሃው ውኃ የለውም። የኢሳና የአፋር ጎሳዎች መሬታቸው ላይ ሳይጠየቁ የመጣውን ሥራ ተቃወሙ፤ ሲራራውን እየመሩና ግመል እያከራዩ ያገኙት የነበረው ገቢም ሊቀርባቸው ነበር። በሠራተኞች ላይ ጥቃት ደረሰ፣ ሥራው ተጓተተ፣ ወጪው ከታሰበው በላይ ሆነ። ወደ ሐረር ተራራ መውጣት እጅግ ውድ ስለሆነ ሐዲዱ በቆላው እንዲሄድ ተወሰነ። በታኅሣሥ 1902 ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ተራራው ግርጌ ሲደርስ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ፤ እሱም ድሬዳዋ ነው።

እዚያ ላይ ገንዘቡ አለቀ። ግማሽ መንገድ የሄደ ባቡር የሲራራውን ወጪ አላስቀረም። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ዕቃ ድሬዳዋ ላይ ከፉርጎ ወርዶ ቀሪውን 470 ኪሎ ሜትር ያህል በግመልና በበቅሎ ይጓዝ ነበር። ነጋዴው የባቡሩንም የእንስሳቱንም ኪራይ ይከፍላል። በዚህ ምክንያት የኩባንያው ገቢ ዕዳውን ሊሸፍን አልቻለም።

ዕዳና ነፃነት

ኩባንያው ገንዘብ ሲያጣ የእንግሊዝ ባለሀብቶች አክሲዮን እየገዙ ገቡ። የፈረንሳይ መንግሥት ይህ መስመሩን ከእጁ እንዳያወጣበት ፈርቶ በየካቲት 1902 ከኩባንያው ጋር ስምምነት አደረገ። በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ለ50 ዓመት ሊሰጥ ቃል ገባ፤ በምላሹ በኩባንያው ላይ የቁጥጥር ሥልጣን አገኘ። ስምምነቱ የተደረገው ምኒልክ ሳይጠየቁ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ለግል ኩባንያ የሰጡት ፈቃድ በአገራቸው ውስጥ የሌላ መንግሥት መግቢያ ሲሆን አዩ፤ መስመሩ ከድሬዳዋ እንዲቀጥልም ለዓመታት አልፈቀዱም።

ይህ የኢልግን ቦታ አናጋ። ኢልግ እስከዚያ ድረስ ከምኒልክ የቅርብ ሰዎች አንዱ ነበሩ። በውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ምክንያት ከጣሊያን ጋር ጠብ ሲነሳ ከኢትዮጵያ ጎን ቆመው በደብዳቤ ልውውጡ ረድተዋል። ከዓድዋ ድል ቀጥሎ በ1897 የመንግሥት አማካሪ ተብለው የክብርነት ማዕረግ ተሰጣቸው፤ በዚያው ዓመት ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በተደረገው ድርድርም ተካፍለዋል። በባቡሩ ጉዳይ ግን የንጉሡ አማካሪም የፈቃዱ ባለቤትም ነበሩ። ለፈረንሳይ ያደላሉ የሚል ክስ በእንግሊዞችና በጣሊያኖች ብቻ ሳይሆን በቤተ መንግሥቱም ይነሳባቸው ጀመር።

በታኅሣሥ 1906 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ኢትዮጵያን የተመለከተ የሦስትዮሽ ስምምነት ፈረሙ፤ የባቡሩንም መስመር እርስ በርሳቸው ተከፋፈሉ። ሐዲዱን የጀመረው ኩባንያ ፈረሰ። በ1908 አዲስ ፈቃድ ለምኒልክ ሐኪም ለጓዴሎፑ ተወላጅ ለዶክተር ዮሴፍ ቪታሊያን ተሰጠ፤ ሥራውንም የፈረንሳይና የኢትዮጵያ የምድር ባቡር ኩባንያ ተረከበ።

የመጨረሻ ዓመታት

ኢልግ በ1906 ከኢትዮጵያ ወጥተው በ1907 ሥራቸውን በይፋ ለቀቁ። ከባለቤታቸው ከፋኒ ጋቲከር ጋር በ1895 ተጋብተው ልጆች ወልደዋል። ቀሪ ዘመናቸውን በዙሪክ አሳለፉ። በኢትዮጵያ የሰበሰቧቸው የእጅ ሥራዎችና የቤት ዕቃዎች በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ የሕዝቦች ባህል ሙዚየም ይገኛሉ። ኢልግ ያረፉት በጃንዩዌሪ 7 ቀን 1916 ነው፤ ዕለቱ በኢትዮጵያ ገና ነበር።

ያስጀመሩት ሐዲድ ሲጠናቀቅ አላዩም። መስመሩ አዋሽን ተሻግሮ፣ በመተሐራ፣ በወለንጪቲ፣ በአዳማ፣ በሞጆና በቢሾፍቱ አልፎ በ1915 አቃቂ ደርሶ ነበር። አዲስ አበባ የገባው ኢልግ በሞቱ በዓመቱ፣ በ1917 ነው። ጠቅላላ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነው። ከአንድ ወር በላይ ይፈጅ የነበረው ጉዞ ጥቂት ቀን ብቻ ሆነ።

በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የተወው ለውጥ

ባቡሩ ከመምጣቱ በፊት የአዋሽ ሸለቆ ለሲራራ ነጋዴው በተቻለ ፍጥነት የሚታለፍ ቆላ ነበር። ከባቡሩ በኋላ ዕቃ የሚወርድበት፣ ገበያና መጋዘን የሚቆምበት ቦታ ሆነ። አዳማ ከሐዲዱ ላይ ዕቃ ወርዶ ወደ አርሲና ወደ ባሌ፣ ከዚያም እህል ተመልሶ ወደ ሐዲዱ የሚመጣባት ከተማ ሆነች። በ1954 የኔዘርላንዱ ኩባንያ ኤች.ቪ.ኤ. ከአዳማ አጠገብ የወንጂን ስኳር ፋብሪካ ሥራ አስጀመረ። ሸንኮራ አገዳው እዚያው በአዋሽ ውኃ ይበቅላል፤ ማሽኑና መለዋወጫው ግን ከባሕር ማዶ ይመጣል። ኢልግ ጠመንጃ ሥራ በተባሉበት ዘመን አንድ የማሽን ቋት ወደ ሸዋ ማምጣት ራሱን የቻለ ዘመቻ ነበር።

አሮጌው ሐዲድ በጊዜ ብዛት አርጅቶ አገልግሎቱ ተቋረጠ። በ2016 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በአብዛኛው ያንኑ አቅጣጫ ተከትሎ በአዳማና በሞጆ ያልፋል። ሞጆ ዛሬ የአገሪቱ ትልቁ ደረቅ ወደብ ናት። ከአዲስ አበባ አዳማ ያለው የፍጥነት መንገድም ከ2014 ጀምሮ ያገለግላል።

ምኒልክ በጠመንጃው ጊዜ ያሰቡት የመንገድ ስጋት ግን በሐዲዱ አልጠፋም። የግመል፣ የአባንና የአዋሽ ሙላት ችግር ቢቀርም፣ ዕቃው በአንድ መስመርና በአንድ ወደብ ላይ ተንጠለጠለ። ኤርትራ በ1993 ነፃ አገር ከሆነችና በ1998 ጦርነት ከተነሳ በኋላ የኢትዮጵያ የገቢ ዕቃ እጅግ የሚበዛው በጅቡቲ ያልፋል። በአዳማ ዙሪያ ያለ ፋብሪካ ጥሬ ዕቃውንና መለዋወጫውን ሲያዝ የወደቡን ኪራይ፣ የኮንቴይነሩን ቆይታና የውጭ ምንዛሪውን አብሮ ማስላት፣ ዕቃው ቢዘገይ ሥራ እንዳይቆምም በመጋዘን መጠባበቂያ መያዝ አለበት። ኢልግ በእንጦጦ ሆነው ስለ አንድ ሲራራ ቀለብ የጻፉት ቅሬታም በዚሁ ሒሳብ ላይ ነበር፤ በመንገድ ላይ ያለ አግባብ የተቆጠበ ጥቂት ብር ሙሉውን ጭነት ሊያሳጣ ይችላል።